የረዥም ርቀት አውሮፕላን አመራረጥ

የረዥም ርቀት አውሮፕላን አመራረጥ አንድ አየር መንገድ ከስድስት ሰዓት በላይ ለሚወስድ መስመር የትኛውን የአውሮፕላን ዓይነት እንደሚመድብ፣ ወደፊትም የትኛውን እንደሚገዛ የሚወስንበት ሥራ ነው። አምራቾች ቀድመው የሚጠሩት ቁጥር አውሮፕላኑ ሳያርፍ የሚበርበትን ርቀት ነው። መስመር የሚያጠኑ ባለሙያዎች ግን የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ ከዚህ ማኮብኮቢያ፣ በዚህ ሙቀት፣ ምን ያህል ሰውና ዕቃ ይዞ ይነሣል? የጥያቄው ክብደት ጎልቶ ከሚታይባቸው የዓለም አውሮፕላን ማረፊያዎች አንዱ የአዲስ አበባው ቦሌ ነው።

አውሮፕላን ሲነሣ ክብደቱ የሦስት ነገሮች ድምር ነው፤ የራሱ አካል፣ ነዳጁ፣ እንዲሁም የሚሸከመው ሰውና ዕቃ። ድምሩ አምራቹ ካስቀመጠው ጣሪያ አያልፍም። ጣሪያው ለቦይንግ 787-8 ወደ 228 ቶን፣ ለኤርባስ ኤ350-900 ወደ 280 ቶን፣ ለቦይንግ 777-200ኤልአር ደግሞ ወደ 347 ቶን ነው። መስመሩ በረዘመ ቁጥር ነዳጁ ይጨምራል፤ ነዳጁ ሲጨምር ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈው ይቀንሳል። ነዳጅ ራሱን ለማጓጓዝም ነዳጅ ይፈልጋል። ስለዚህ የ14 ሰዓት በረራ ከሁለት የሰባት ሰዓት በረራዎች የበለጠ ይፈጃል፤ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት የሚቃጠለውን ነዳጅ አውሮፕላኑ ከመነሻው ጀምሮ ተሸክሞት ስለሚዞር ነው።

ይህ ጣሪያ ግን የሚሠራው ማኮብኮቢያው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይደክማል፤ ክንፉም የሚያነሣውን ኃይል ለማግኘት አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይበልጥ መፍጠን አለበት። ለዚያ ረዥም ማኮብኮቢያ ያስፈልጋል፤ የጎማውም የፍጥነት ገደብ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የአንድ ሞተር ስሌት ነው። አውሮፕላኑ ሊቆም ከማይችልበት ፍጥነት ካለፈ በኋላ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ቢጠፋ፣ በቀረው ብቻ ተነሥቶ ዙሪያውን ካሉት ተራሮች ራሱን መጠበቅ መቻል አለበት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ የረር አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከቦሌ የሚነሣውን ክብደት የሚወስነው ይህ ስሌት እንጂ በአምራቹ መጽሔት ላይ የታተመው ርቀት አይደለም።

የዋሽንግተን መስመር ይህን በደንብ ያሳያል። ከዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ያለ ማረፊያ ቦሌ ይደርሳል። ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ግን ለዓመታት በመንገድ ላይ፣ ቀድሞ በሮም፣ በኋላም በደብሊን ወይም በሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ቆይቷል። አውሮፕላኑ ያው ነው፤ ርቀቱም ያው፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ነገር ግን ዳለስ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚህም ሌላ በአትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ የሚመጣውን ሲያግዝ የሚሄደውን ወደ ኋላ ይገፋል።

ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ተጓዥ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና የሞላባቸው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች ይዞ መሳፈሩ የተለመደ ነው። የ300 ተጓዦች እንዲህ ያለ ሻንጣ ብቻውን ወደ 14 ቶን ይጠጋል። ቦሌ ላይ ይህ 14 ቶን ከነዳጁ ጋር ይሻማል። በረራው ሳያርፍ ይሂድ ቢባል ወንበር ባዶ መተው ወይም ሻንጣ ወደኋላ ማስቀረት ይመጣል። ስለዚህ ብዙ ተጓዥ እንደ መጉላላት የሚያየው የደብሊን ወይም የሎሜ ማረፊያ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ሎሜ ላይማ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኛም ይገኛል። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በብዛት በሌሊት መነሣታቸው ዋና ምክንያቱ የመንገደኛ ቅብብሎሹ ቢሆንም፣ የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት ቶኖችን ይጨምራል።

ከፍታው የአየር መንገዱን ግዢ ከጥንት ጀምሮ ሲመራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጄት ሲሸጋገር የቀድሞው የአዲስ አበባ የልደታ ማረፊያ ጄት መሸከም ስላልቻለ ቦሌ ተሠራ፤ ለመስመሩም ቦይንግ 720ቢ ተመረጠ። ይህ አውሮፕላን ከ707 ቀለል ያለና በአጭር ማኮብኮቢያ ለመነሣት የተመቸ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 አየር መንገዱ የተረከበው ቦይንግ 767-200ኢአር ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ሲደርስ 12,082 ኪሎ ሜትር በመብረር ለባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን የዚያን ጊዜውን የርቀት ክብረ ወሰን ያዘ። ያኔም ቢሆን አቅጣጫው ከታች ወደ ላይ ነበር።

ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ውቅያኖስ አቋርጦ መብረሩ ዛሬ የሚገርም አይመስልም። ለረዥም ዘመን ግን ደንቡ አንድ ሞተር ቢጠፋ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሊደረስበት ከሚችል ማረፊያ እንዳይርቅ ያስገድደው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ገደቡ ወደ 120 ደቂቃ፣ በኋላም ወደ 180 ከፍ አለ፤ ቦይንግ 787 ዛሬ እስከ 330፣ ኤ350 ደግሞ እስከ 370 ደቂቃ ተፈቅዶላቸዋል። ለባለ አራት ሞተሮቹ መክሰም ትልቁን ድርሻ የያዘው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረው ባለ አራት ሞተሩ ኤርባስ ኤ380፣ 251 ብቻ ለአየር መንገዶች ተሰጥቶ በ2021 ምርቱ ቆመ። ሲሞላ በወንበር የሚደርሰው ወጪ ዝቅተኛ ነው፤ ሳይሞላ ግን የበረራው ወጪ አይቀንስም።

ከዚህ የሚነሣው የወንበር ብዛት ጥያቄ ነው። አንድ ከተማ በሳምንት 1,800 መንገደኛ የሚሰጥ ከሆነ ትልቅ አውሮፕላን አራት ቀን ከመላክ 270 መቀመጫ ያለውን 787-8 በየቀኑ መላክ ይመረጣል። የነጋዴ መንገደኛ የሚፈልገው በፈለገው ቀን መነሣትን ነው፤ በመናኸሪያ ማረፊያ አውሮፕላን ለሚቀይረውም በየቀኑ የሚገናኝ በረራ ይሻለዋል። መስመሩ ሲያድግ ወደ 343 መቀመጫው ኤ350-900፣ ከዚያም ወደ 395ቱ ኤ350-1000 ይዛወራል። የሆዱ ስፋትም ይቆጠራል። የ787-8 የዕቃ ክፍል 28 ትንንሽ ኮንቴይነሮች ሲይዝ የኤ350-900 36፣ የ777-300ኢአር 44 ይይዛል። አበባና ሥጋ ወደ ውጭ ለሚልክ አገር ይህ ልዩነት የአንድን መስመር መክሰርና ማትረፍ ሊወስን ይችላል።

ርቀትን ብቻ ተከትለው የተመረጡም አሉ። ሲንጋፖር ኤርላይንስ ሲንጋፖርን ከኒውዮርክ አካባቢ በባለ አራት ሞተሩ ኤ340-500 ሲያገናኝ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 አቋረጠ፤ በ2018 የተመለሰው 161 ወንበር ብቻ በያዘ ኤ350-900ዩኤልአር ነው። ተራ የኢኮኖሚ ክፍል የለውም። ከፍ ያለ ቲኬት የሚገዛ ሰው በበቂ ቁጥር ለማይገኝበት ከተማ እንዲህ ያለው ምርጫ አያዋጣም።

ብዙ ዓይነት መያዝ በአብራሪ ሥልጠና፣ በመለዋወጫና በጥገና ያስወጣል። አንድ ዓይነት ብቻ መያዝ ደግሞ ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ድሪምላይነር የሚባሉት ቦይንግ 787ዎች በባትሪ ችግር ሲታገዱ የገዙት ሁሉ መስመሮቻቸውን በሌላ አውሮፕላን መሸፈን ነበረባቸው። እገዳው ሲነሣ በሚያዝያ ወር ቀድሞ ወደ በረራ የመለሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ በረራውም ወደ ናይሮቢ ነበር። ዛሬ አየር መንገዱ ከቦይንግም ከኤርባስም ገዝቶ መያዙን ወጪው ባይቀንስም አስተዋይነት አድርጎ ማየት ይቻላል።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚሠራው አዲስ ማረፊያ ይህን ስሌት ይለውጣል። የአካባቢው ከፍታ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ያው አውሮፕላን፣ በዚያው ሞተር፣ ከዚያ ብዙ ቶን ጨምሮ ይነሣል። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2024 ስምንት ቦይንግ 777-9 አዝዟል፤ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያ ርክክብ ግን ወደ 2027 ተገፍቷል። የመጀመሪያዎቹ 777-9ዎች የቢሾፍቱ ማረፊያ ሳይከፈት ከደረሱ የጭነት ሰንጠረዣቸው የሚዘጋጀው በቦሌ አየር ልክ ይሆናል።