ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቂርያት ማላኪ

በአንድ ቀን ብዙ ጨዋታ ከቤት ሳይወጡ የመከታተል ልማድ ወደ እስራኤል ከተሞች ቂርያት ማላኪ፣ ገደራና ያቭኔ የገባው በቴሌቪዥን ሳይሆን በሬዲዮ ነው። ምክንያቱ የጨዋታ ሰዓት አመዳደብ ነበር። የእስራኤል እግር ኳስ ሊግ ለአሥርት ዓመታት የሳምንቱን ጨዋታዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ያስጀምራቸው ነበር። ስታዲየም የገባ ቲፎዞ አንዱን ጨዋታ ያያል፤ ቤት የቀረው ግን ሁሉንም ይሰማል። ስለዚህ ቤት መቀመጥ የስንፍና ወይም የገንዘብ እጦት ምልክት ብቻ አልነበረም፤ ሊጉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመያዝ የነበረው ብቸኛ መንገድም ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶችና ቀኖች፣ «ዓ.ም.» ካልታከለባቸው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያስቻለው «ሺሪም ቨሸዓሪም» የሚባለው የእስራኤል ሬዲዮ የቅዳሜ ፕሮግራም ነው። ትርጉሙ «ዘፈንና ጎል» ነው። ሸዓር በዕብራይስጥ በርም ጎልም ማለት ነው፤ ግብ ጠባቂውን «በረኛ» ለሚል አማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። አሠራሩ ቀላል ነው። ስቱዲዮ ውስጥ አንድ አቅራቢ ይቀመጣል፤ በየስታዲየሙ አንድ አንድ ዘጋቢ ይቆማል። ጨዋታው ቀዝቀዝ ካለ ዘፈን ይለቀቃል። ጎል ሲገባ ግን ዘፈኑ መሀል ላይ ይቆረጥና የዘጋቢው ድምፅ ከሕዝቡ ጩኸት ጋር ጥልቅ ይላል። የዘፈኑ መቆረጥ ራሱ ዜና ነበር፤ ሰሚው ማን እንዳገባ ከመስማቱ በፊት ጎል መግባቱን ያውቃል፣ ከየትኛው ሜዳ እንደሆነ እስኪነገር ድረስ ያለችው ሁለት ሰከንድ የልማዱ ዋና ቅመም ናት። ከዘጋቢዎቹ መካከል ዙሄር ባህሉል በተለይ የታወቀ ነው፤ ዓረብ ሆኖ ሳለ የዕብራይስጡ ጥራትና ምጥቀት አድማጩን ያስደምም ነበር። በኋላ በ2015 የፓርላማ አባል ሆኗል።

ሬዲዮውን ከቲፎዞ አልፎ ለጎረቤቱም ሁሉ ጉዳይ ያደረገው ቶቶ ነው። የስፖርት ውርርድን የሚያስተዳድረው ሕግ የወጣው በ1967 ነበር። ተጫዋቹ በወረቀቱ ላይ ከተዘረዘሩት ጨዋታዎች ፊት ባለሜዳው ያሸንፋል ካለ 1፣ እንግዳው ያሸንፋል ካለ 2፣ አቻ ካለ ኤክስ ይሞላል። እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው ሥር የቶቶ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ላይ እስክሪብቶ ይቀመጣል። ስለ አንዱም ቡድን ደንታ የሌለው ሰው እንኳ ስለ ስምንቱም ጨዋታ ይጨነቃል። ያቭኔ ደግሞ የራሷ ሰበብ ነበራት፤ ማካቢ ያቭኔ በ1980ዎቹ በከፍተኛው ሊግ ሲጫወት የከተማዋ ስም በዚሁ ሬዲዮ ከቴል አቪቭና ከሃይፋ ጋር ይጠራ ነበር።

ቂርያት ማላኪ የተቆረቆረችው በ1951 ነው፤ መጀመሪያ ቃስቲና የሚባል የአዲስ ገቢዎች መጠለያ ሰፈር ነበረች። ስሟ «የመላእክት ከተማ» ማለት ሲሆን የተሰጣትም ለግንባታዋ ገንዘብ ላዋጡት የሎስ አንጀለስ አይሁዳውያን ክብር ነው፤ ሎስ አንጀለስም በስፓንኛ «መላእክት» ማለት ነውና። የስም እናቷ ከተማ በበኩሏ ጨዋታን በጆሮ በመከታተል የምትታወቅ ናት። የቤዝቦል ቡድኑ ዶጀርስ ከብሩክሊን ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውሮ መጫወት የጀመረው በ1958 ሲሆን፣ መጀመሪያ ያረፈው ለቤዝቦል ባልተሠራው፣ ከ90,000 ሰው በላይ በሚይዘው ኮሊሲየም ስታዲየም ነበር። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ኳሷን በዓይኑ መከተል ስለሚያስቸግረው ትራንዚስተር ሬዲዮ ይዞ ይገባ ነበር፤ ዓይኑ ሜዳው ላይ፣ ጆሮው ግን ቪን ስከሊ ከተባለው አስተላላፊ ጋር። ስከሊ የዶጀርስን ጨዋታ ለ67 የውድድር ዘመኖች አስተላልፎ በ2016 ጡረታ ወጣ። የዚያው ቡድን ወርዋሪ ሳንዲ ኮፋክስ በ1965 የዓለም ሲሪስ የተባለው የቤዝቦል ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ የአይሁድ የማስተሰረያ ዕለት በሆነው በዮም ኪፑር ቀን ስለዋለ አልጫወትም ብሎ መቅረቱን አይሁዳውያን እስከዛሬ ያወሱታል።

ቤዝቦል ራሱ ግን ወደ ስም ልጇ ከተማ አልተሻገረም። በአማርኛ ለማስረዳት የገና ጨዋታን ያህል የሚቀርበው የለም፤ ያም ቢሆን በዱላና በኳስ ብቻ ነው የሚመሳሰሉት፣ ጥንግ የሚመታ ሰው ሮጦ ወደ ተነሣበት አይመለስም። ከገደራ ብዙም በማይርቀው በኪቡጽ ጌዜር ከአሜሪካ የመጡ ሰፋሪዎች የቤዝቦል ሜዳ ሠርተው ነበር። በ2007 ስድስት ቡድኖች ያሉት የእስራኤል ቤዝቦል ሊግ ሲቋቋም ጌዜር ካስተናገዱት ሜዳዎች አንዱ ሆነ። ጨዋታው ከተለመደው ዘጠኝ ዙር ወደ ሰባት ታጠረ፤ ቤት ሸሜሽ ዋንጫውን በላ፤ ሊጉም ከአንድ የውድድር ዘመን አላለፈም። ብሔራዊ ቡድኑ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ተካፍሎ ሜክሲኮን 12 ለ 5 ቢያሸንፍም ተጫዋቾቹ በአብዛኛው አሜሪካ የተወለዱ ነበሩ። የቂርያት ማላኪ ልጅ ኳስ ሲል እግር ኳስ ማለቱ ነው።

ከኢትዮጵያ የመጡት ቤተ እስራኤል በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ አገሪቱ ሲገቡ ይህ ልማድ ሥር ሰዶ ነበር። በሁለተኛው ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ። ከመጡት ብዙዎቹ በኋላ በቂርያት ማላኪ፣ በገደራው ሻፒራ ሰፈርና በያቭኔ ሰፈሩ። ጨዋታን በሬዲዮ ማዳመጥ ከመጡበት አገርም ያለ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አገሪቱ ገና ቴሌቪዥን አልነበራትም፤ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1964 ነው። የሉቺያኖ ቫሳሎንና የመንግሥቱ ወርቁን ቡድን ስታዲየም ያልገባ ሰው ያወቀው በጆሮው ነበር። ቀጥሎ የጨዋታ አስተላላፊዎቹ የሰለሞን ተሰማ፣ ከዚያም የደምሴ ዳምጤ ድምፅ መጣ፤ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ ስትወስድ ደምሴ ያስተላለፈበት ድምፅ ዛሬም የዚያ ዘመን ሰዎች ጆሮ ውስጥ አለ። ይህ ግን የከተማ ታሪክ ነው። ከጎንደር ገጠር ለመጣ አራሽ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ ሬዲዮ በመጀመሪያ የዜና ዕቃ ነበረች፤ ባትሪ ድንጋዩም ለጨዋታ ተብሎ አይባክንም።

ከሁሉ በላይ ግን ቅዳሜ ነበረች። ቤተ እስራኤል ሰንበትን በጥብቅ ያከብራሉ፤ «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባለው የግእዝ መጽሐፋቸው ሰንበትን እንደ ሕያው ሴት፣ እንደ አማላጅ ይስላታል። በመንደራቸው ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋ፣ ውኃ ተቀድቶ ያድር፣ ዳቦው ተጋግሮ ይቀመጥ ነበር። ቅዳሜ መስጊድ በሚሉት ጸሎት ቤት ቄሱ ዳቦውን ባርከው ያድሉ ነበር፤ ወንዝ ተሻግሮ መሄድ ነውር ነበር። እንዲህ ያደገ ሽማግሌ፣ የአይሁድ አገር ነው ተብሎ በመጣበት ከተማ፣ ሰንበት ከሰዓት በኋላ ከየመስኮቱ የጎል ጩኸት ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ይህ ክርክር በእያንዳንዱ ቤት በየራሱ መንገድ ተፈታ። ሬዲዮ ጨርሶ የማይነካበት ቤት ነበር፤ እዚያ ልጁ «እነ እገሌ ቤት ደርሼ ልምጣ» ይልና ውጤቱን በሆዱ ይዞ ይመለሳል። ሌላው ቤት ሦስት ኮከብ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ሰንበት እንደወጣች አንዱ ወደ ቡናው፣ ሌላው ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። እስከ 1993 ድረስ አገሪቱ ከአንድ መደበኛ የቴሌቪዥን ጣቢያ በላይ አልነበራትም፤ የቅዳሜ ማታው የስፖርት ፕሮግራም የቀኑን ጎሎች አከታትሎ ስለሚያሳይ ሰንበት አክባሪው ያመለጠው ነገር ጥቂት ነበር። እንዲያውም ውጤቱን ሳይሰማ የቆየ ሰው ከሁሉ የበለጠ ይዝናና ነበር ማለት ይቻላል፤ ችግሩ በደረጃው ላይ ሲወጣ ጎረቤቱ ሳይነግረው መድረሱ ነው።

በ1990ዎቹ ኬብል ቴሌቪዥን ሲስፋፋና የሊጉ ጨዋታዎች ለስርጭት መብት መሸጥ ሲጀምሩ ሰዓቱ ተበተነ። አንዱ ጨዋታ ቅዳሜ ማታ፣ ሌላው እሑድ፣ ሌላው ሰኞ ሆነ። ቴሌቪዥን በአንድ ጊዜ ስምንት ሜዳ ማሳየት አይችልምና ስምንቱን ጨዋታ በተራ አሰለፋቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተጠቃሎ ያልቅ የነበረው ነገር ሳምንቱን ሙሉ የሚበላ ሆነ። የጎል ቅጽበት በደንብ ታየ፤ የብዙ ሜዳ ጩኸት በአንድ ክፍል ውስጥ የመግባቱ ነገር ግን ጠፋ። ከሁለቱ ሬዲዮ የተሻለ አስተናጋጅ ነበር፤ ቡና የምታፈላዋም፣ በር ላይ የቆመውም፣ ወጥ ቤት ያለውም እኩል ይሰማው ነበር፣ ቴሌቪዥን ግን ፊት ለፊቱ ላልተቀመጠ ሰው ጀርባውን ይሰጣል።

ከቤት ሆኖ ለመከታተል አስቀድሞ ቤት ያስፈልጋል። ለኢትዮጵያውያኑ ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዓመታቸውን ያሳለፉት መርከዝ ቅሊታ በሚባሉ የአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከላትና በተንቀሳቃሽ ቤቶች ነው። በጥር 2012 በቂርያት ማላኪ የአንዳንድ ሕንፃዎች ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ሲጋለጥ በከተማዋ ሰልፍ ተነሣ፤ ተቃውሞው እስከ ኢየሩሳሌም ደረሰ። የጨዋታ ቀን ካልሆነ በቀር ብዙም የማይበራው የሳሎን ቴሌቪዥን በዚያ ሰሞን የሰፈሩን ሰዎች ራሳቸውን አሳየ።

በሜዳም በኩል ራስን ማየት የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ኢትዮጵያ የተወለደው ባሩክ ደጎ በማካቢ ቴል አቪቭ ማልያ በ2004–05 የቻምፒዮንስ ሊግ ሲጫወት፣ ለብሔራዊ ቡድኑም ሲሰለፍ፣ ስለ ኦፍሳይድ ደንብ የማያውቁ እናቶች «የእኛ ልጅ የትኛው ነው?» ብለው የሚጠይቁበት ዘመን መጣ። ከእሱ በኋላ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኔታንያ የተወለደው ኤሊ ዳሳ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል እስከመሆን ደረሰ። ስማቸው በዕብራይስጥ አስተላላፊ አፍ ትንሽ ይጣመማል፤ አያቶች ከሶፋው ላይ ያርሙታል።

ሩጫ ደግሞ ሌላ ዓይነት ተመልካች ይፈልጋል፤ ማራቶን ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣበታል። ነሐሴ 27 ቀን 2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ወንዶች ማራቶን ዑጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት ወርቁን ወሰደ። ብሩን ያገኘው ለእስራኤል የሮጠው፣ በልጅነቱ ከኢትዮጵያ የመጣው ማሩ ተፈሪ ነው፤ ነሐሱን የኢትዮጵያው ልዑል ገብረሥላሴ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ሰባት ሰከንድ ነው። ዕለቱ እሑድ፣ በእስራኤል የሥራ ቀን ነበር፤ ቤት የዋለ ሰው በአንድ ስክሪን ላይ ለሁለት አገር አጨበጨበ፣ አንዳንዱም ለማን ቀድሞ እንደሚያጨበጭብ ለማሰብ ጊዜ አላገኘም።

ዛሬ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ስልክ ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፍ ሊጉ በሱፐርስፖርት በቀጥታ መተላለፍ የጀመረበት ዓመት ነበር፤ ከጎንደር የወጡ ቤተሰቦች የትውልድ አገራቸውን ቡድን ውጤት ባሕር ማዶ ሆነው በስልክ ሊያገኙ ቻሉ። አዲስ አበባና ቂርያት ማላኪ በእስራኤል የበጋ ሰዓት ወራት አንድ ሰዓት ላይ ናቸው፤ የሚለያቸው አቆጣጠሩ ነው። ልጅ «ጨዋታው በሦስት ነው» ሲል አያት «ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ ይመዘግባል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። የስም እናቷ ከተማ ግን በሰዓትም ሩቅ ናት፦ ዶጀርስ ሎስ አንጀለስ ላይ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጨዋታ ሲጀምሩ በቂርያት ማላኪ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።