ኢንሱሊን ከተገኘ በኋላ የመጣው ጥያቄ

በጃንዋሪ 1922 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቶሮንቶ ሆስፒታል ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል ታዳጊ ተኝቶ ነበር፤ ክብደቱ 29 ኪሎ ገደማ። እስከዚያ ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሕክምና ምን መሰላችሁ? ማስራብ! ሊዮናርድ ከከብት ቆሽት የተጨመቀ ፈሳሽ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ ብዙም አልረዳውም፤ የተወጋበት ቦታም መግል ቋጠረ። ከ12 ቀን በኋላ ግን ጄምስ ኮሊፕ ያጠራው ኢንሱሊን ሲሰጠው በደሙ ያለው ስኳር ወረደ። ከዚያ 13 ዓመት ኖረ።

ይሄን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ብዙም የማይወራው ቀጥሎ የመጣው ነው። ቀድሞ በልጅነታቸው የሚታመሙት ቶሎ ስለሚሞቱ፣ በሽታው ቀስ ብሎ ምን እንደሚያደርስ የሚያሳይ ዕድሜ አልነበራቸውም። ኢንሱሊን ያንን ዕድሜ ሰጣቸው። ከ15 እና ከ20 ዓመት መርፌ በኋላ ታዲያ ገና በወጣትነታቸው ዓይናቸው የሚጠፋ፣ ኩላሊታቸው የሚደክም፣ እግራቸው የሚደነዝዝ ሰዎች ሐኪም ቤት መምጣት ጀመሩ።

ለምን? እዚህ ላይ ሐኪሞች ለሁለት ተከፈሉ። የቦስተኑ ኤሊየት ጆስሊን "ስኳሩ ስላልተቆጣጠሩት ነው" ባይ ነበር፤ 25 ዓመት ያለ ጉዳት ለቆዩ ሕሙማን ሜዳሊያ እስከ መሸለም ደርሷል። ሌሎቹ ደግሞ ጉዳቱ ከበሽታው ጋር የተፈጠረ ስለሆነ አይቀርም፣ ሰውን በምግብ ማሠቃየት ምን ዋጋ አለው አሉ። በእኔ እይታ ሁለተኞቹ ሞኞች አልነበሩም፤ ማስረጃው በእርግጥ ደካማ ነበር። በቤት የነበረው መለኪያ ሽንት ብቻ ነው። ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ ጠብ ተደርጎ ይፈላል፤ አረንጓዴ ከሆነ ስኳሩ ትንሽ፣ የሸክላ ቀለም ከያዘ ብዙ ነው። ችግሩ፣ ኩላሊት ስኳር ወደ ሽንት የሚለቀው በደም ውስጥ ወደ 180 ሚሊግራም ሲጠጋ ነው። ሽንቱ ንጹሕ፣ ደሙ ግን ስኳር የበዛበት ሰው ሞልቷል!

መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሳሙኤል ራህባር ቴህራን ውስጥ በስኳር ሕሙማን ደም ያስተዋለው የሄሞግሎቢን ለውጥ፣ ዛሬ ኤዋንሲ የምንለውን የሁለትና የሦስት ወር አማካይ የሚያሳይ ምርመራ አስገኘ። ከዚያ ቤት ውስጥ ጣት ወግቶ መለካት ተቻለ።

በ1983 በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ጥናት ተጀመረ። አንዱ ቡድን በቀን አንድ ወይም ሁለቴ ይወጋል። ሌላው ሦስቴና ከዚያ በላይ እየተወጋ ወይም በፓምፕ እየወሰደ፣ ቢያንስ አራቴ ይለካል። ጥናቱ ከታቀደው ቀድሞ ቆመ፤ ልዩነቱ ግልጽ ነበራ። በ1993 በወጣው ውጤት፣ ሲጀመር ዓይናቸው ደህና ከነበሩት መካከል በጥብቅ በተቆጣጠሩት ላይ የሬቲና ጉዳት የመጀመር አደጋ በ76 በመቶ ቀንሷል። ዋጋ ግን አስከፍሏል፤ ስኳር በድንገት በጣም ወርዶ የሰው እርዳታ የሚያስፈልግበት አጋጣሚ ሦስት እጥፍ ሆነ።

ከጥናቱ በኋላ የሁለቱም ቡድን የስኳር መጠን እየተቀራረበ መጣ። የጉዳቱ ልዩነት ግን ለዓመታት አልጠፋም። ቀድመው የተቆጣጠሩት በ2005 በወጣው ክትትል የልብና የደም ሥር ሕመማቸው እንኳ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።