ውሃና ቅባት፦ ከፍል ውሃ እስከ ጉርድ ሾላ

ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ የጉርድ ሾላ አየር ይደርቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለው በዚህ የአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳርቻ የበጋው ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ቀን ደግሞ ነፋሱ አቧራ ያነሣል። በልጆች ክንድና ጉልበት መታጠፊያ ላይ ሰንብቶ የነበረ ችፌም በዚህ ወራት ያገረሻል፤ ቆዳው ይሻክራል፣ ያሳክካል፣ ሲያኩት ይቆስላል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አዲስ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ቀላል ችፌን የሚያስታግሰው ዋና ነገር ግን ለዚህ አገር እንግዳ አልነበረም። ውሃና ቅባት ነው። ሁለቱ በአንድነት ሲሠሩ ኖረው በከተማ ኑሮ መለያየታቸው ዛሬ ለብዙ ቤት መቸገር ምክንያት ሆኗል ብዬ እከራከራለሁ።

አዲስ አበባ ራሷ ከገላ መታጠቢያ ጋር የተቆራኘ ልደት አላት። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ ማድረጋቸው ለከተማዋ መቆርቆር መነሻ ሆነ። ፍል ውሃም ከዚያ ወዲህ ቁርጥማት ያለበት፣ ገላው የሚያሳክከው ሁሉ የሚሄድበት ቦታ ሆኖ ቆየ። ሙቅ ውሃ ማሳከኩን ለጊዜው ያስረሳል፤ ነገር ግን የቆዳን የተፈጥሮ ወዝ አጥቦ ስለሚወስድ ሰውየው ወጥቶ ሲደርቅ ችፌው ይብስበታል። ስለዚህ ወሳኙ ከመታጠቡ ቀጥሎ የሚደረገው ነው። እናቶቻችን ሕፃን አጥበው በቅቤ ያሹ ነበር። ምክንያቱን በሳይንስ ቋንቋ ባያስረዱትም፣ ውሃው ከቆዳው ሳይተን ቅባት እንዲከድነው ማድረጋቸው ነበር።

ዘመናዊ የቆዳ ሕክምና ወደ አገራችን ሲገባ ይህን ልማድ ለማጥናት አልመጣም፤ ያመጣው ሥጋ ደዌ ነው። ከጉርድ ሾላ በተቃራኒ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዳር፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተከፈተ፤ እዚያው ላይ በ1965 እ.ኤ.አ. አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማዕከል ተመሠረተ። አካል የሚያጎድል በሽታ ባለበት አገር ቀላል ችፌ የሐኪም ጉዳይ ሳይሆን የቤት ጉዳይ ሆኖ ቢቀር አያስገርምም። ሆኖም ለክርክሬ ጥሩ ማስረጃ የማገኘው ከዚያው ከሥጋ ደዌ እንክብካቤ ነው። በሽታው ላብ የሚያዙትን ነርቮች ሲጎዳ የእግር ቆዳ ይደርቅና ይሰነጠቃል። የአለርት ሠራተኞች ለታማሚዎች ያስተማሩት ዘዴ ቀላል ነበር፦ እግርን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፎ ማቆየት፣ የጠጠረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ ቀስ አድርጎ ማለስለስ፣ ከዚያ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ወይም ዘይት መቀባት። ሕመሙ ከችፌ ይለያል፤ የደረቀ ቆዳ የሚድንበት መንገድ ግን አንድ ነው።

ችፌ ከዘር የሚወረስ ከሆነ ቅባት ምን ይረባል የሚል ይኖራል። በ2006 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ የዳንዲ ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለው የቆዳ ፕሮቲን ዘረመል ጉድለት ለችፌ እንደሚያጋልጥ አሳዩ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን በአውሮፓ የታወቁትን እነዚያን ጉድለቶች አላገኘባቸውም፤ ቆይቶም በ2016 እ.ኤ.አ. ችፌ በኢትዮጵያውያን ላይ ክላውዲን-1 ከተባለ ሌላ ዘረመል ጋር ተያይዞ ተገኘ። ይህ የቆዳ ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያጣብቅ ፕሮቲን የሚሠራ ዘረመል ነው። መንገዱ ይለያይ እንጂ በሁለቱም ጉዳቱ የሚያርፈው በቆዳው መከላከያ ላይ ነው። ዘረመሉን መለወጥ ባይቻልም የሚያፈሰውን ቆዳ ከላይ መክደን ይቻላል።

ታዲያ ወደ ቅቤ እንመለስ ማለት ነው? አይደለም። ቅቤ ይሸታል፣ ይበላሻል፤ በተሰነጠቀ ቆዳ የገባ የምግብ ፕሮቲን ደግሞ ሕፃኑን ለምግብ አለርጂ ሊዳርገው ይችላል። በ1872 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሮበርት ቼስብሮ የባለቤትነት መብት ያገኘበት ቫዝሊን ይህ ጣጣ ሳይኖርበት የቅቤን ሥራ ይሠራል። የስቴሮይድ ቅባትስ? ሃይድሮኮርቲሶን ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቀላና ለተቆጣ ችፌ ትልቅ እፎይታ አምጥቷል፤ በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲቀቡት ይጠቅማል። ነገር ግን ጠንካሮቹ የስቴሮይድ ዓይነቶች ያለ ማዘዣ ተገዝተው ፊት ለማቅላት ሲውሉ ቆዳውን ያሳሳሉ። መድኃኒቱ የዕለት ቅባትን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ዛሬ በጉርድ ሾላ አፓርታማዎች ቦይለር አለ፣ ሽቶ ያለው ሳሙናና ሎሽን አለ። ውሃው በዝቷል፣ ሞቋልም፤ እርጥበቱን የሚይዘው ወፍራም ቅባት ግን ወዛም ነው፣ ያረጀ ነው ተብሎ ተትቷል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ለብ ባለ ውሃ ቶሎ መታጠብ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና በጥቂቱ መጠቀም፣ በፎጣ ሳይፈትጉ አድርቆ ወዲያው ቫዝሊን መቀባት፤ ይህን በየቀኑ፣ ችፌው በተኛበት ጊዜም ጭምር። መግል የያዘ፣ የተስፋፋ ወይም እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። የጤና ባለሙያዎቻችንም ለእናት ቅባት ሲያዙ ይህን ታሪክ ቢነግሯት፣ የሚመክሯት ነገር የእናቷ ልማድ የተሻሻለ መልክ መሆኑን ትረዳለች፤ የተረዳችውንም ሳትሰለች ትሠራዋለች።