ከበልግ ማሳ ወደ ገንዲ አገር

በየካቲት ጭጋግ ከጦሳ አናት ወርዶ ደሴን ሲሸፍናት የዙሪያው ገበሬ ሞፈሩን ይጠግናል። በልግ መጣ ማለት ነው። ከደሴ ዙሪያ እስከ ኩታበርና ለጋምቦ ያለው ደገኛ ገብሱን የሚዘራው በዚህች አጭር ዝናብ ነው። ዝናቧ ብትዘገይ ወይም ቶሎ ብታቋርጥ ቤቱ ውስጥ የሚታየው ጎታ ባዶ ነው። ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳ በቦርከና ዳር ሌላ አየር ትተነፍሳለች። እዚያ ገበሬው ለጤፉና ለማሽላው ዋናውን ክረምት ይጠብቃል። የወሎ ሰው ግብርና እንዲህ በጥቂት ሰዓት መንገድ ውስጥ ይለዋወጣል። የትኛው ተረተር ውርጭ ይመታዋል፣ የትኛው ማሳ ጥቁር አፈር ነው፣ በሬው ከየትኛው ምንጭ ይጠጣል የሚለው ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ዕውቀት ነው። በሌላ አገር አፈር ላይ ግን ይህ ዕውቀት ብዙም አያገለግልም።

ይህን ያነሳሁት የሰፈራን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምንዘለው ነገር ስለሆነ ነው። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተብሏል። ተጓዡ ገበሬ እንደነበረ፣ እርሻውንም ጥሎ እንደሄደ ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያስታውሱት።

በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ክረምቱም አልሆነም። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኮረምና ባቲ በረሃብተኛ ተጥለቀለቁ። ከአሰብ ወደብ የሚነሳው የዕርዳታ እህል በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርስ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ከሰሜን አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሊያሰፍር መነሳቱን አስታወቀ። ዘመቻው በ1978 ዓ.ም. እስኪቋረጥ ድረስ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተጓጓዘ። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነበር።

አንዳንዱ በፈቃዱ ተመዘገበ፤ ልጆቹ ዓይኑ እያየ እያለቁበት ነበርና ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ሌላው ግን በገበሬ ማኅበሩ ላይ በተጣለ ኮታ፣ ወይም ገበያ ላይ ሳለ ተይዞ ሄደ። አንዱ ቤተሰብ በሁለት መኪና ተጭኖ ዳግም ሳይገናኝ ቀረ። በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ተወሰዱ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ክፍል አሠራሩን በይፋ ስላወገዘ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ።

መተከል ውስጥ የፓዌ ሠፈራ በበለስ ሸለቆ ተቋቋመ። ጣሊያን ገንዘብ ሰጠች፣ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ መንገዱንና ሆስፒታሉን ሠራ፣ ትራክተር ገባ። መንደሮቹ ስም አልወጣላቸውም፤ መንደር 7፣ መንደር 12 እየተባሉ በቁጥር ተጠሩ። ዛሬም የሚጠሩት በዚያው ነው። ከደሴ ብርድ የወጣው ደገኛ እዚያ ሲደርስ ሙቀትና ወባ ጠበቁት። መሬቱ የጋራ ነበር፤ ገበሬው በሠራው ልክ ነጥብ ይያዝለታል፣ ቀለቡም በነጥቡ ይሰፈርለታል። የራሱን ማሳ በራሱ ፍርድ ሲያርስ የኖረ ሰው የሥራ ሰዓቱን በደወል መጠበቅ ጀመረ። በእኔ ግምት ከወባው ቀጥሎ የከበደው ይህ ነው።

ይህን ከሌላ አገር ሠፈራ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል፤ ካናዳም የሠፋሪ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው የመሬት ሕግ ለአንድ ሠፋሪ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሔክታር ያህል፣ በ10 ዶላር መመዝገቢያ ይሰጥ ነበር። ሠፋሪው ሦስት ዓመት ከኖረበትና ካለማው መሬቱ በስሙ ይሆናል። ሣር ከነአፈሩ እየቆረጠ ቤት የሠራውን ሠፋሪ ብርዱና ድርቁ ብዙ ጊዜ አሸንፈውታል። ያም ሆኖ ባለ መሬት ነበር፤ የወሎው ሠፋሪ ግን ባለ ነጥብ ነበር። አንድ ነገር ግን ሁለቱን ታሪክ ያመሳስላቸዋል። ካርታ ላይ ባዶ ተብሎ የተሰመረው መሬት ባለቤት ነበረው። እዚያ ክሪና ሜቲስ የተባሉት ሕዝቦች ሲገፉ፣ በበለስ ደግሞ ጉሙዞች ተገፉ። ጉሙዝ መሬቱን ጥቂት ዓመት አርሶ ለዓመታት የሚያሳርፍ ገበሬ ነው። ሲያርፍ ያየ ባለሥልጣን ጦም ያደረ መስሎት አከፋፈለው። የወሎው ገበሬ ይህን አልመረጠም፤ መዘዙ ግን በእሱም በጉሙዙም ላይ ወደቀ።

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ነጥቡም ትራክተሩም አበቃ። ብዙዎች ወደ ወሎ ተመለሱ። የቀሩት መሬት ተከፋፍለው እንደ ልማዳቸው በበሬ ሊያርሱ ተነሱ። እዚህ ላይ ገንዲ ገጠማቸው። የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ይህ በሽታ በሬውን አክስቶ ይገድላል። ጥንድ በሬ የወሎ ገበሬ ሙሉ ሀብቱ ነው፤ በሬው የሞተበት ዶማ አነሳ። ሠፈራው ሲታቀድ ማንም ቢሮ ውስጥ ያልጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር፦ በሬ በማይኖርበት አገር በሬ ጠማጁን ምን ልናደርገው ነው?

ግን ኖሩ። ማሽላና በቆሎ ለመዱ፣ ማንጎ ተከሉ። የወሎን ቅሬና የቡና ዱአ ይዘው ሄደዋል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ እንደ ወሎው ልማድ አብረው ቀበሩ፣ አብረው ደገሱ። አሉላ ፓንክረስት ወለጋ ውስጥ በቄቶ ሠፈራ የወሎ ሰዎችን ኑሮ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1992 መጽሐፍ አሳትሟል። ደሳለኝ ራህመቶ ደግሞ አምባሰል ላይ ገበሬው ረሃቡን በምን ዘዴ እንደታገለ ጽፏል። ሁለቱም ሥራዎች በእንግሊዝኛ መሆናቸው ያሳዝነኛል፤ የባለታሪኮቹ ልጆች አያነቧቸውም።

ከ1995 ዓ.ም. በኋላ 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ የሚያሰፍር ሌላ ዕቅድ ወጣ። በዚህኛው ሰው ከክልሉ እንዳይወጣ ተወሰነ። በፊት ከክልል የወጡት ግን በያሉበት ቆዩ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማሮች ተገደሉ። ብዙዎቹ ከወሎ የሄዱ ሠፋሪዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። ከወለጋ የተፈናቀሉት ደግሞ ወደ ደቡብ ወሎ ተመልሰው ሐይቅ አጠገብ በጃሪ መጠለያ ገቡ። ወላጆቻቸው በረሃብ ምክንያት ወደወጡበት አገር እነሱ በስደት ተመለሱ፤ የሚያርሱት መሬት ግን አልጠበቃቸውም።

በ1977 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ስድሳን አልፏል። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ከፓዌ፣ ከጋምቤላ ወይም ከወለጋ የተመለሰ አጎት ወይም አክስት ካላችሁ ጊዜ ሳታጠፉ አጠገባቸው ተቀመጡ። ከየትኛው ቀበሌ እንደተነሱ፣ ከማን ጋር እንደተጫኑ፣ ስንት በሬ ትተው እንደሄዱ፣ መጀመሪያ የዘሩት ምን እንደነበር ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም በአማርኛ ጻፉት።