«ሸክላ»፣ «ዋልካ»ና «መርጋት»፤ ከአፈር ምሕንድስና ቃላት ታሪክ
በሕንፃ መሠረት፣ በመንገድና በድልድይ ሥር ስለሚገኝ ደቃቅ አፈር የሚጽፉ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ «ሸክላ አፈር» በሚለው ስም ይጠቀማሉ። ስሙ ስሕተት አይደለም፤ ሆኖም ጠባያቸው የተለያየ አፈሮችን በአንድነት ይጠቀልላል። ይህም የቃላት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የሙያው ታሪክ ያስረዳናል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኢጣልያ የፒዛ ግንብ ሥራ በ1173 ተጀመረ። ሦስተኛው ደርብ ላይ እንደ ደረሰ በ1178 ተቋረጠ፤ የቀጠለውም በ1272 ነው። በዚህ መቶ ዓመት በተጠጋ ዕረፍት፣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ሸክላ በክብደቱ እየተጨመቀ ውሃውን ቀስ በቀስ ለቀቀና ጠነከረ። ዕረፍቱ ባይኖር ኖሮ ግንቡ ገና ሲሠራ ይወድቅ እንደ ነበር ሊቃውንት ያስረዳሉ። ግንበኞቹ ግን ለዚህ ነገር ስም አልነበራቸውም።

ስሙና ልኩ የተገኙት በ20ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በ1911 ስዊድናዊው ኬሚስት አልበርት አተርበርግ፣ ሸክላ እንደ ሊጥ የሚለነቀጥበትንና እንደ ፈሳሽ የሚፈስበትን የውሃ መጠን ለይቶ ወሰን አበጀለት። በ1925 ደግሞ ካርል ቴርዛጊ፣ በኢስታንቡል ባካሄደው ምርምር ተመሥርቶ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ውሃ ከሸክላ ውስጥ ተጨምቆ የሚወጣበትን ፍጥነት በሒሳብ ገለጸ።

ይህን ሂደት በአማርኛ «መጠቅጠቅ» ማለት ያሳስታል። መጠቅጠቅ ሮለር በአፈሩ ውስጥ ያለውን አየር አስወጥቶ ወዲያው የሚፈጽመው ተግባር ነው። ውሃ እየወጣ ዓመታት ለሚፈጀው ሂደት «መርጋት» ይበልጥ ይስማማል፤ የሚረጋ ነገር ጊዜና ዕረፍት እንደሚሻ ቋንቋችን ያውቃልና።

ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ጠባይ ያለው ደግሞ ጥቁሩ አፈር ነው። ገበሬው እንደ አገሩ «ዋልካ»፣ «መረሬ» ወይም «ኮትቻ» ይለዋል። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሔክታር በላይ ይሸፍናል። የአፈር ሊቃውንት «ቨርቲሶል» ያሉት «ማገላበጥ» ከሚል የላቲን ግሥ ወስደው ነው፤ በበጋ ሲነቃቃ የላዩ አፈር ወደ ስንጥቁ ይወርዳል፣ በክረምት ሲያብጥ የታቹ ወደ ላይ ይገፋልና። ምክንያቱም በውስጡ ያሉት ቅጠል መሰል የማዕድን ንጣፎች በመካከላቸው ውሃ ማስገባታቸው ነው። ስለዚህ የፒዛው ሸክላ ሕንፃን ሲያሰምጥ፣ ዋልካ ግን ቀላል ቤትን ያነሣል፤ የአስፋልትንም ዳር በቁመቱ ይሰነጥቃል። መድኃኒቱም ይለያያል፤ ለአንዱ ጊዜና ክብደት፣ ለሌላው አፈሩን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ በኖራ ማከም ወይም ውሃን ማራቅ ነው።

እንግዲህ አንድ የግንባታ ጥናት ቀዩንም ጥቁሩንም አፈር «ሸክላ» ብሎ ቢያልፍ፣ ስሕተቱን የሚከፍለው ግድግዳው የተሰነጠቀበት ባለቤት ነው። «ሸክላ» የወል ስም ሆኖ ይቀመጥ፤ ለሚያብጠው አፈር ግን ገበሬው ያቆየልን «ዋልካ» የሙያ ቃል ይሁን። ገበሬው ይህን ስም ሲጠራ ክረምቱንም በጋውንም አብሮ ይናገራል፤ አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት ያለውን መጠየቅ ይገባል።