ከልጁ በፊት ትምህርት ቤቱ፦ የኒው ሄቨን ሙከራና ያስከተለው ታሪክ



«ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት» ሲባል ወደ አእምሯችን ፈጥኖ የሚመጣው በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ፣ ልጆች ቁጣቸውን መግታትንና የሌላውን ስሜት መረዳትን የሚለማመዱበት ትምህርት ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ስንከተል ግን መነሻው ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። አስቀድሞ የተነሣው ጥያቄ አዋቂዎቹን የሚመለከት ነበር፤ ትምህርት ቤቱን እነማን ይምሩት፣ እርስ በርሳቸውስ እንዴት ይኑሩ የሚል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሙከራው መሪ ፕሮፌሰር ጄምስ ኮመር በ1934 በኢንዲያና ግዛት፣ በኢስት ቺካጎ ተወለዱ። አባታቸው የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ፣ እናታቸው በሰው ቤት ተቀጣሪ ነበሩ። እናታቸው በትምህርት ገበታ ላይ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆዩም፤ አምስቱ ልጆች ግን በድምሩ 13 ዲግሪ ተቀበሉ። ኮመርን ያስጨነቃቸው የራሳቸው መሳካት ሳይሆን የሦስት የልጅነት ጓደኞቻቸው ዕጣ ነው። በአእምሮ ከእርሳቸው የማያንሱ ልጆች ነበሩ። አንዱ በመጠጥ ሳቢያ ያለዕድሜው ሞተ፤ ሁለተኛው ብዙ ዘመኑን በእስር ቤት ገፋ፤ ሦስተኛው ከአእምሮ ሕመም ጋር ሲታገል ኖረ። ኮመር የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የሆኑት ይህን ጥያቄ ይዘው ነው።

በ1968 የዬል ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ጥናት ማዕከል በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በኒው ሄቨን ከተማ ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በኪንግና በባልድዊን፣ ሥራ ጀመረ። ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁር አሜሪካውያን፣ አብዛኞቹም የድሃ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ፤ በውጤት ረገድ ትምህርት ቤቶቹ ከከተማው 33 ትምህርት ቤቶች መጨረሻ ላይ ይገኙ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ትርምስ ነበር። ወላጆች ተቆጡ፣ መምህራን ተስፋ ቆረጡ፣ ሙከራውም ሊፈርስ ደረሰ። ይህን ማስታወስ ይገባል፤ የተሳካላቸው ሙከራዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነውና የሚተረከው።

ከዚያ ትርምስ የወጣው መፍትሔ አስተዳደራዊ ነበር። ርእሰ መምህሩ የሚመሩት፣ የወላጆችና የመምህራን ተወካዮች፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያና የድጋፍ ሠራተኞች የሚቀመጡበት አንድ ቡድን ተቋቋመ። ከእርሱ ጎን የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎች ቡድን፣ የወላጆችም ተሳትፎ ተደራጀ። ሦስት ደንቦች ነበሩ፦ ውሳኔ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በመግባባት ይደረስ፤ ቡድኑ የርእሰ መምህሩን ሥራ አያሰናክል፣ ርእሰ መምህሩም ቡድኑን ችላ አይበል፤ ጥፋተኛ ፍለጋም ይቅር። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከበደው የመጨረሻው ነው። «ወላጅ አይረዳንም»፣ «መምህሩ ልጄን ጠምዶታል» የሚሉትን ንግግሮች እኛም በየመምህራን ማረፊያው እንሰማቸዋለንና።

ኮመር የሚተርኩት አንድ ገጠመኝ አሠራሩን በሚገባ ያስረዳል። ዘመድ ወዳጅ ከከበበው የደቡብ ገጠር የመጣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ አክስቱ ወደ ሥራ ስትሄድ ትምህርት ቤት አድርሳው ትሄዳለች። አዲስ መጪ የበዛባት መምህርት በፊቷ ላይ መሰላቸት ታሳያለች። ልጁ ይደነግጣል፤ መምህርቷን ረግጦ ይሮጣል። ልማዱ ልጁን መቅጣት ነበር። የባለሙያዎቹ ቡድን ግን «እናንተ ባይተዋር በሆናችሁበት ቦታ ብቻችሁን ብትጣሉ ምን ይሰማችኋል?» ብሎ ሠራተኞቹን ጠየቀ። ውጤቱ ለዚያ ልጅ ብቻ የተደረገ ምክር ሳይሆን፣ ለአዲስ መጪ ሁሉ የሚያገለግል የአቀባበል ሥርዓት ነው። አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሁለት ዓመት እንዲቆይ የተደረገውም ከዚሁ አስተሳሰብ በመነጨ ውሳኔ ነው።

የመማሪያ ክፍሉ ሥርዓተ ትምህርት የመጣው ዘግይቶ፣ በ1977 ነው። ያም ቢሆን ስለ ስሜት የሚሰጥ ገለጻ አልነበረም፤ ልጆቹ ለከተማው ከንቲባነት ለሚወዳደሩ ሰዎች የግብዣ ደብዳቤ ጻፉ፣ እንግዶቹን ተቀበሉ፣ የምስጋና ደብዳቤም ላኩ። ጽሕፈት፣ የዜግነት ትምህርትና እንግዳ አቀባበል በአንድ ላይ ተሰጡ። በ1984 የኪንግና በባልድዊን እግር የተተካው የብሬናን ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ከከተማው ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ደረሱ፤ የቤተሰቦቹ የኑሮ ደረጃ ግን አልተለወጠም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሮጀር ዋይስበርግና ቲሞቲ ሽራይቨር በዚያው በኒው ሄቨን የማኅበራዊ ዕድገት ትምህርትን በከተማ ደረጃ አስፋፉ። በ1994 ዛሬ ዘርፉን የሚመራው የትብብር ድርጅት ተመሠረተ፤ በማግሥቱ ዓመት የዳንኤል ጎልማን መጽሐፍ ጉዳዩን ለሰፊው አንባቢ አደረሰው። በ2011 ጆሴፍ ደርላክና ባልደረቦቹ 213 ፕሮግራሞችን፣ ከ270,000 የሚበልጡ ተማሪዎችን ያካተተ ትንተና አሳተሙ። ፕሮግራሞቹ የትምህርት ውጤትን ጭምር እንደሚያሻሽሉ አሳዩ። በዚያው ትንተና ግን አንድ የማይመች ግኝት አለ፤ ከክፍል አልፈው ወላጆችንና መላውን ትምህርት ቤት ለማካተት የሞከሩ ፕሮግራሞች በመምህራን ክፍል ውስጥ ብቻ ከተሰጡት የተሻለ ውጤት አላስገኙም። አጥኚዎቹ በምክንያትነት የጠረጠሩት የአፈጻጸም ችግርን ነው። እኔም እዚህ ላይ አብሬያቸው ነኝ፤ ትምህርትን በመመሪያ መጽሐፍ ማከፋፈል ይቻላል፣ በአዋቂዎች መካከል የተበላሸን መተማመን ግን አይቻልም።

የኮመር ዘዴ ራሱ በሌሎች ቦታዎች ሲፈተን የታየው ይኸው ነው። በቶማስ ኩክ መሪነት በሜሪላንድ ግዛት፣ በፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ የተደረገውና በ1999 የታተመው ጥናት በተማሪዎቹ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፤ በ2000 የታተመው የቺካጎው ጥናት ግን በትምህርት ቤቱ ድባብም በተማሪዎቹ ጠባይና ውጤትም መጠነኛ መሻሻል አሳየ። ዘዴው አንድ ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹ ግን የተለያዩ ነበሩ።