የታማኝ ተመልካች ዋጋ፦ ከይፋት ቆላ እስከ ስታዲየም በር

፩. የነገሩ መነሻ

ስለ እግር ኳስ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ተጫዋቹ፥ ስለ አሠልጣኙና ስለ ዳኛው ብዙ ብለዋል፤ ስለ ተመልካቹ ግን፥ ያውም ከከተማ ርቆ እየኖረ ልቡን ለአንድ ክለብ ወይም ለብሔራዊ ቡድኑ ሰጥቶ፥ በድል ቀን ከደስታው ተካፋይ፥ በሽንፈት ቀን ከኀዘኑ ተሳታፊ ሆኖ ዘመኑን ስለሚገፋው ታማኝ ተመልካች የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ሰው በማናቸውም መዝገብ ላይ ስሙ ባይገኝም፥ ክለቦቹ የሚኮሩበት ዝማሬና ሆታ፥ አስተዋዋቂዎቹም የሚሸጡት የሕዝብ ብዛት ከእርሱ የተገኘ ሀብት መሆኑን የሚክድ አይኖርም። ሆኖም ታላቅ ግጥሚያ በተቃረበ ቁጥር፥ በዐይኑ ሊያየው የሚመኘውን ጨዋታ አቅሙ ስለማይፈቅድለት ይቀርበታል፤ ቅሬታውም ከወዳጆቹ ጆሮ አልፎ አይሰማም።

ይህ መጣጥፍ ቅሬታውን በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ተመልካች ሕይወት ውስጥ ይመረምራል። ሐተታው የሚያቀርበው ሐሳብም አንድ ነው፤ ይኸውም የአንድ ግጥሚያ ዋጋ መቆጠር የሚገባው ከተመልካቹ ደጃፍ ጀምሮ እንጂ ከስታዲየሙ በር ጀምሮ አይደለም፤ ይህ እስካልታወቀ ድረስም የትኬት ዋጋ ረከሰ ወይም ተወደደ እያሉ መከራከር የጉዳዩን ሥር ሳይነኩ ቅርንጫፉን መነቅነቅ ይሆናል የሚል ነው።

፪. አገሩ፥ መንገዱና ወጪው

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከመዲናዋ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,280 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የምትገኝ፥ በቀድሞው አከፋፈል በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፥ በዛሬው ደግሞ በሰሜን ሸዋ ዞን የምትቆጠር የቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ አማራው፥ አርጎባውና ኦሮሞው፥ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ ሲገበያይ ይኖራል፤ መሬቱም ማሽላና ጤፍ፥ ማሾና ሽንኩርት፥ ማንጎና ፓፓያ ያበቅላል። ጎልማሳውና ወጣቱ በዚህ እርሻ፥ በንግድ ወይም በቀን ሥራ የሚተዳደር እንደ መሆኑ መጠን፥ ገቢው እንደ ደመወዝተኛ በወር የሚታሰብ ሳይሆን በዕለትና በመኸር የሚገኝ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሕዝብ መካከል አንዱ፥ ሽንኩርቱን በመስኖ የሚያለማ አንድ ወጣት፥ በአዲስ አበባ ከቀትር በኋላ በዐሥር ሰዓት የሚጀመር ግጥሚያ ለማየት ቢነሣ ምን እንደሚከፍል እናስላ። ጎሕ ሲቀድ ከመናኸሪያ ተሳፍሮ የደብረ ሲናን ዳገት ይወጣል፤ በፋሺስት ወረራ ዘመን በተቦረቦረው የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ከቆላው ሙቀት ወደ ደጋው ብርድ ይገባል፤ ደብረ ብርሃንን፥ ሸኖንና ሰንዳፋን አልፎ እኩለ ቀን ሲሆን መዲናዋ ይደርሳል። ጨዋታው ሲያልቅ መሽቷል፤ አገር አቋራጭ አውቶቡስም በሌሊት እምብዛም ስለማይጓዝ ማደሪያ መፈለግ ግድ ይሆንበታል፤ በማግሥቱም ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፍሮ ሲመለስ ሁለተኛው ቀን ያልፋል። ስለዚህ የደርሶ መልስ ሒሳብ፥ የአንድ ሌሊት ማደሪያና የሁለት ቀን ቀለብ ሲደመር፥ የትኬቱ ዋጋ ከሁሉ ያነሰው ወጪ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ላይ ማንም የማይቆጥረው ሌላ ዕዳ አለ። የቀን ሠራተኛው የሁለት ቀን ጉልበቱን ዋጋ ያጣል፤ መስኖ ተካፋዩ ደግሞ ከዚህ የከፋ ሊያገኘው ይችላል፤ ምክንያቱም ከወንዝ የተጠለፈው ውኃ ለሁሉ በተራ የሚዳረስ በመሆኑ፥ የውኃ ተራው በግጥሚያው ቀን ከዋለና ቦዩን የሚከፍትለት ወንድም ወይም ባልንጀራ ካላገኘ፥ ቀጣዩ ተራ እስኪደርስ ድረስ ሽንኩርቱ በቆላው ፀሐይ ሲጠወልግ ማየት ዕጣው ይሆናል። ደልዳላ ኑሮ ያለው የከተማ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሰጥቶ የሚያየውን ጨዋታ፥ የይፋቱ ሰው ከመኸሩ ቆርሶ ያየዋል ማለት ነው።

የመንገዱም ጸጥታ ከወጪው ተለይቶ አይታይም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በእሳት የወደመችበት፥ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ የዘለቀበት መከራ ገና ከሕዝቡ ሕሊና ያልጠፋ በመሆኑ፥ እናት ልጇን ለጨዋታ ስትሸኝ በገንዘብ የማይተመን ሥጋት አብራ ትሸኛለች።

፫. ድሀ የተቀመጠባቸው መደቦች

በቀድሞ ዘመን የነበረው ሥርዓት ፍጹም ነበር ማለት ባይቻልም፥ ለድሀው ስፍራ ነበረው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ተመልካቹን በክቡር ትሪቡን፥ በጥላ ፎቅ፥ በከማን አንሼ፥ በካታንጋ፥ በዳፍ ትራክና በሚስማር ተራ ከፋፍሎ ያስገባ ነበር፤ መደቡና የትኬቱ ዋጋ ቢለያይም፥ ጥላ የሌለው ሊስትሮና ጥላ ያለው ባለሥልጣን ያንኑ ጎል በአንዲት ቅጽበት አይተው በአንድ ድምፅ ይጮኹ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ ይድነቃቸው ተሰማ ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ሲወስድ፥ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፥ ምስክሩ ይህ በየመደቡ የተሰለፈ ሕዝብ ነበር።

ከአዲስ አበባ ውጭ ለነበረው ደግሞ ራዲዮ ነበረለት። ደምሴ ዳምጤ ጨዋታውን በቃሉ ሥሎ በሚያስተላልፍበት ዘመን፥ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ስትወስድ፥ አንድ ራዲዮ ለአንድ ሰፈር ይበቃ ስለነበር፥ የቆላው ሰው ለመስማት የሚከፍለው ዋጋ አልነበረም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስም፥ ጨዋታው ቢያንስ በገዛ አገራችን ነበርና፥ ከሸዋ ሮቢት የተነሣ ሰው አቅሙ ከተገኘ በእግሩ ረግጦ ሊደርስበት የሚችል ነበር።

፬. በሜዳችን የተባለው በባዕድ ሜዳ

በ2014 ዓ.ም. ግን ይህም ቀረ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፍን በኋላ፥ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአገራችን ስታዲየሞች መሥፈርቱን አያሟሉም በማለቱ፥ በሜዳችን የሚባለው ግጥሚያ በሰው አገር የሚካሄድ ሆነ። ከጋና ጋር በጆሃንስበርግ ተጫወትን፤ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ታላቅ ድል በማላዊ መዲና በሊሎንግዌ ተፈጸመ፤ በ2016 ዓ.ም. ሴራሊዮንን በሞሮኮዋ ኤል ጀዲዳ፥ ዲሞክራቲክ ኮንጎንም በዳሬሰላም አስተናገድን። በአስተናጋጅነት የተመዘገበችው ኢትዮጵያ ስትሆን፥ ኢትዮጵያዊው ተመልካች ግን የገዛ ቡድኑን በገዛ ሜዳው ለማየት ፓስፖርትና የአውሮፕላን ትኬት የሚጠየቅ እንግዳ ሆነ። ለሽንኩርት ገበሬው ይህ ወጪ ከውድም አልፎ የማይታሰብ ነበር።

የአገር ውስጡ ሊግም በራሱ መንገድ ከተመልካቹ ርቋል። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ጨዋታዎቹ ለቴሌቪዥን ሥርጭት እንዲመቹ ክለቦቹ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ በዙር መጫወት ያዙ፤ በዚያው ዓመት ውድድሩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅማን፥ ባሕር ዳርን፥ ድሬዳዋንና ሐዋሳን አዳረሰ። ሥርጭቱ ለክለቦቹ ያስገኘውን ገቢና ለሊጉ ያመጣውን ክብር መካድ ኢፍትሐዊ ይሆናል፤ ሆኖም የቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ የሆነ የሸዋ ሮቢት ሰው፥ ቀድሞ በሁለት ቀን ደርሶ ይመለስበት የነበረውን ጉዞ መዲናዋን አልፎ ሌላ ረጅም መንገድ እንዲቀጥል ተገደደ።

፭. የተረፈው ስፍራ

የቀረው የዲኤስቲቪ ቤት ነው። በሸዋ ሮቢት እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ፥ የዕለቱ ግጥሚያና ሰዓቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ከበር ይቆማል፤ በረኛው የመግቢያውን ጥቂት ብር እየተቀበለ ያስገባል፤ ብርሃን ምስሉን እንዳያደበዝዘው መስኮቱ በተጋረደበት ቤት ውስጥ፥ በቆላው ሙቀት፥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ በአግዳሚ ወንበር የተቀመጠው ወጣት የአርሴናልን ወይም የማንችስተር ዩናይትድን ጨዋታ ላቡን እየጠረገ ይከታተላል፤ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተሩ እስኪነሣ በትዕግሥት ይጠብቃል። ይህን ቤት መናቅ አይገባም፤ ለድሀው የተከፈተ ብቸኛ ስታዲየም እርሱ ነውና። ነገር ግን ከዚህ የሚወለደው ፍቅር ወደ ሎንዶንና ወደ ማንችስተር እንጂ ወደ አገር ቤቱ ክለብ የማያመራ መሆኑን ልናስተውል ይገባል። ወጣቱ የአገሩን ክለብ የተወው ፍቅር ጐድሎት አይደለም፤ የሎንዶኑን በጥቂት ብር በቅርብ ሲያየው፥ የአዲስ አበባውን ግን በመኸሩ ዋጋ እንኳ ስላላገኘው ነው።

፮. ሌሎች ሕዝቦች ያደረጉት

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር 97 ሰዎች ካለቁበት የ1989 እ.ኤ.አ. የሂልስቦሮ አደጋ በኋላ ዳኛው ሎርድ ቴይለር ታላላቅ ስታዲየሞች በሙሉ መቀመጫ እንዲኖራቸው ሲመክሩ፥ የመቀመጫው ዋጋ ቀድሞ ቆሞ ያይ ከነበረው ሰው አቅም እንዳያልፍ ጭምር አሳስበው ነበር፤ ክለቦቹ ግን መቀመጫውን ተቀብለው ማሳሰቢያውን ተዉት። በ2016 እ.ኤ.አ. የሊቨርፑል ባለቤቶች 77 ፓውንድ የሚደርስ ትኬት ሊሸጡ በተነሡ ጊዜ፥ ብዙ ሺሕ ደጋፊ ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው ጨዋታ በ77ኛው ደቂቃ ተነሥቶ ስለወጣ፥ ባለቤቶቹ ውሳኔያቸውን አጠፉ፤ በዚያው ዓመትም የፕሪምየር ሊጉ ክለቦች ለተጓዥ ደጋፊ የሚሸጠው ትኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተስማሙ። ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር ልዩ አስተያየት የተደረገው ለተጓዡ መሆኑ ነው፤ የመንገድ ወጪ የትኬት አካል መሆኑ ታምኖበታልና። በጀርመንም አብላጫው የክለብ ድምፅ በአባላቱ እጅ እንዲቆይ የሚያዝዘው ደንብ፥ በዶርትሙንድ 25,000 ያህል ሰው በአነስተኛ ዋጋ ቆሞ የሚያይበት መደብ እንዳይፈርስ ረድቷል። ጥንታዊቷ አቴና ደግሞ፥ ለጴሪክሊስ በሚሰጠው ሥርዓት፥ ድሀው ዜጋ በበዓል ቀን ቲያትር እንዳይቀርበት የመግቢያውን ሁለት ኦቦል ከመንግሥት ግምጃ ቤት ትሰጠው እንደነበር ይነገራል።

ከእኛም ባህል ምስክር አይታጣም። በየዓመቱ በመስከረም ወደ ግሸን ማርያም የሚጓዘው ነጋዲ በዚሁ በሸዋ ሮቢት ጎዳና ሲያልፍ፥ ቤተ ክርስቲያን ሁሉም እንደ አቅሙ መባእ እንዲያቀርብ ትጠብቃለች እንጂ በደጇ ቆማ ቀረጥ አትጠይቅም፤ የድካሙ ርዝመት ራሱ መሥዋዕት ሆኖ ይቆጠርለታል። ታማኙም ተመልካች ከሩቅ በመምጣቱ ብቻ ከቅርቡ ሰው አብልጦ ከፍሏል።

፯. ርቱዕ የሚሆነው ሥርዓት

ክለቦቻችን ገቢያቸው ትንሽ ነው፤ ዋጋ ቀንሱ ማለት በድሀ ላይ ድህነት መጨመር ነው የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ነገር ግን ከክለቦቻችን አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች በጀት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው ተጀምሮ ለዓመታት ሳይጠናቀቅ የቆየው የአደይ አበባ ስታዲየምም መጀመሪያ የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የይፋቱ ገበሬ ግብር በከፈለ ቁጥር የትኬቱን ከፊል አስቀድሞ ከፍሏል፤ በበሩ ሲደርስም እንደ ባለድርሻ እንጂ እንደ እንግዳ ሊታይ አይገባውም።

ከዚህ በመነሣት አራት ነገሮች ሊፈጸሙ ይገባል። መጀመሪያ፥ በየታላቁ ግጥሚያ ከከተማው ውጭ ለሚመጣ ተመልካች የተወሰነ ቦታ በቅናሽ ዋጋ ይከለልለት፤ ትኬቱንም በሚኖርበት ከተማ ወይም በስልኩ ገዝቶ ይነሣ፤ ግማሽ ቀን ተጉዞ ትኬት አልቋል መባል በደል ነውና። ሁለተኛ፥ የደጋፊ ማኅበራት በየወረዳው ቅርንጫፍ አቋቁመው አውቶቡስ በጋራ እየተከራዩ፥ ማደሪያም በአባሎቻቸው ቤት እያዘጋጁ ወጪውን ይከፋፈሉ፤ ዕቁብና ዕድርን ያቋቋመ ሕዝብ ለዚህ አይቸግረውም። ሦስተኛ፥ ፌዴሬሽኑና የሊጉ አስተዳደር ጨዋታውን በታላላቅ ከተሞች ብቻ ሳይወስኑ፥ የወዳጅነትና የዝግጅት ግጥሚያዎችን በደብረ ብርሃን፥ በኮምቦልቻና እንደ ሸዋ ሮቢት ባሉ ከተሞች ያካሂዱ። አራተኛውና ዋናው፥ ብሔራዊ ቡድኑ በአገሩ ሜዳ እንዲጫወት የስታዲየሞቹ እድሳት ከማናቸውም የስፖርት ወጪ ይቅደም፤ ቡድኑ በባዕድ ሜዳ በሚጫወትበት ጊዜ ሁሉ ዋጋውን የሚከፍለው መላው ሕዝብ ነውና።

ታማኝነት በገበያ የማይገዛ፥ በአዋጅም የማይታዘዝ፥ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ሀብት ነው። ወራሹ ግን በዐይኑ ያላየውን ለዘለዓለም ሊወድ እንደማይችል የዲኤስቲቪ ቤቶቻችን ከወዲሁ እየነገሩን ነው። የሸዋ ሮቢቱ ወጣት በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ የገዛ ብሔራዊ ቡድኑን በገዛ አገሩ ሜዳ ለማየት ይችል ዘንድ ሥርዓት ማበጀት፥ ለእርሱ የሚደረግ ምጽዋት ሳይሆን እግር ኳሳችን ለራሱ ህልውና የሚከፍለው ዕዳ ነው።